ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ የንግድ ሥራ ተማሪዎች የማዕረግ ትምህርት ታሪክ

በምረቃ ቀን ስማቸው አስቀድሞ ተጠርቶ «በማዕረግ» ወይም «በከፍተኛ ማዕረግ» የተባለላቸው ወጣቶች ከመድረክ ሲወርዱ ወላጅ እልል ይላል፤ መምህርም በልቡ ደስ ይለዋል። ነገር ግን እልልታው ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይህ ማዕረግ የተሰጠው ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ተምሮ ነጥቡ ስለ በለጠ ነውን? ወይስ ጓደኞቹ ያልሞከሩትን ከባድ ሥራ ስለ ሠራ ነው? ሁለቱ ነገሮች በስም አንድ ቢሆኑም በግብር የተለያዩ ናቸው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ የተናገሩት ቃል ለቤተ ክህነት ሰው ብቻ ሳይሆን ለዘመናዊው ኮሌጅም የሚሆን ምክር ነው።

ጥያቄውን ከንግድ ሥራ ትምህርት ጋር አያይዤ ለመመርመር የወደድሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሕክምና ወይም የምሕንድስና ተማሪ ብርቱ አእምሮ ያለው እንዲሆን ሁሉም ይፈልጋል፤ የንግድ ሥራ ተማሪ ግን መዝገብ መያዝና ደብዳቤ መጻፍ ካወቀ ይበቃዋል የሚል አስተሳሰብ በብዙ አገር ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ስለዚህ የማዕረግ ትምህርት ወደ ንግድ ሥራ ኮሌጅ የገባበት መንገድ ረጅምና ጠመዝማዛ ነው፤ መንገዱን መመልከትም ለእኛ ለመምህራን የሚጠቅም ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1800 ባወጣው የፈተና ደንብ፣ ለመመረቅ ብቻ ከሚፈተነው ተማሪ ሌላ፣ በፈቃዱ ከበድ ያለ ፈተና ለሚቀበል ተማሪ ልዩ የክብር ማዕረግ እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚያ በፊት ፈተናው ለይስሙላ የሚደረግ ነበርና ደንቡ የመምህራንንም የተማሪዎችንም ትጋት አነቃቃ። በ1808 ሮበርት ፒል የተባለ ወጣት በጥንታውያን ቋንቋዎችና በሒሳብ፣ በሁለቱም አንደኛ ደረጃ በማግኘት የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ይህ ሰው በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። የፒል አባት ከጥጥ ጨርቅ ፋብሪካ ታላቅ ሀብት ያፈሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን የተፈተነው በግሪክኛ፣ በላቲንና በሒሳብ ነው። የጥጥ ዋጋ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ የሠራተኛ ደመወዝ በምን እንደሚወሰን፣ የፋብሪካ ሒሳብ እንዴት እንደሚመረመር መጠየቅ ለማዕረግ የሚያበቃ እውቀት ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። አባት የሚኖርበት ሥራ ልጅ ከሚከበርበት ትምህርት ውጭ ቀረ።

ይህ መለያየት አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆየ። በ1902 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዊልያም አሽሊ መሪነት በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን የንግድ ፋኩልቲ ከፈተ። አሽሊ የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ነበሩና የንግድ ትምህርት የጸሐፊነት ሙያ ከማስተማር አልፎ ነገርን መርምሮ የሚወስን ሰው ማውጣት አለበት የሚል እምነት ይዘው ተነሡ።

በአሜሪካ የታሪኩ አካሄድ ሌላ ነው፤ የሚያስገርምም መገጣጠም አለበት። ጆሴፍ ዋርተን በ1826 በፊላዴልፊያ የተወለዱ፣ ከብረታ ብረት ሥራ ብዙ ሀብት ያገኙ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው እንደ ዘመኑ ልማድ በነጋዴ ቤት ተቀምጠው የሒሳብ አያያዝ ተማሩ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ግን ንግድን በመላላክና መዝገብ በመገልበጥ ብቻ መማር ለአዲሱ ዘመን እንደማይበቃ ተረድተው፣ በ1881 ለፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ 100,000 ዶላር ሰጥተው በስማቸው የሚጠራውን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በአሜሪካ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተከፈተ የመጀመሪያው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይህ ነው። እኒሁ ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1864 በፊላዴልፊያ አቅራቢያ የተቋቋመውን የስዋርዝሞር ኮሌጅ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። እንግዲህ አንድ ሰው የሁለት ትምህርት ቤቶች አባት ሆነ፤ አንደኛው በንግድ ሥራ ትምህርት፣ ሁለተኛው በማዕረግ ትምህርት ለአገራቸው መንገድ ከፋቾች ሆኑ። ሁለቱ መንገዶች እስኪገናኙ ግን ገና ብዙ ዓመት ቀርቶ ነበር።

በ1921 የስዋርዝሞር ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍራንክ ኤይደሎት በኢንዲያና ክፍለ ሀገር ከምትገኝ ትንሽ ከተማ ወጥተው፣ በ1905 ባገኙት የሮድስ ስኮላርሺፕ ኦክስፎርድ የተማሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ ይዘውት የመጡት ዋና ሐሳብ፣ የተማሪዎች ችሎታ ልዩ ልዩ ሆኖ ሳለ ሁሉንም በአንድ እርምጃ ማስኬድ ደካማውንም ብርቱውንም ይጎዳል የሚል ነው። በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስም የቀድሞውን አሠራር፣ ሰዎች እግር ለእግር ተያይዘው ከሚጓዙበት ሰልፍ ጋር አመሳስለውታል።

በ1922 የተጀመረው የስዋርዝሞር አሠራር በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው። በመጀመሪያው አሠራር የማዕረግ ትምህርት የመረጠ ተማሪ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከተለመደው የክፍል ትምህርት ነጻ ይሆን ነበር። በምትኩ ጥቂት ሆነው በየሳምንቱ ከመምህር ጋር በሴሚናር ይሰበሰባሉ። ተማሪው ያነበበውን መርምሮ ጽሑፍ ያቀርባል፤ ጓደኞቹ ይጠይቁታል፤ ይከራከሩታል፤ መምህሩም ንግግሩን ከመምራት በቀር ብዙ አይናገርም። በየጊዜው የሚሰጥ ነጥብ አልነበረም። ሁለቱ ዓመታት ሲፈጸሙ ፈተናውን የሚያወጡትና በቃል የሚጠይቁት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙ ሊቃውንት ናቸው፤ ማዕረጉም በእነርሱ ፍርድ ይወሰናል።

መምህር የሆነ ሁሉ የዚህን የመጨረሻውን ነገር ክብደት ይረዳዋል። አስተማሪው ፈታኝ በሆነበት ክፍል ተማሪው የሚያጠናው መምህሩ የሚወደውን መልስ ነው። ፈታኙ ከውጭ ሲመጣ ግን መምህርና ተማሪ በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ መምህሩ ዳኛነቱን ትቶ አብሮ የሚደክም ጓደኛ ይሆናል። የእርሱም ሥራ ከተማሪው ሥራ ጋር ይመዘናል፤ በተማሪው ድካም ውስጥ የመምህሩ ስንፍና ይታያል።

ከጊዜ በኋላ ሐሳቡ ወደ ታላላቆቹ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ተሻገረ። በ1957 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ መምህር በነበሩት በጆሴፍ ኮኸን መሪነት፣ የላቀ ችሎታ ስላላቸው ተማሪዎች የሚመክር የዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤ ተቋቋመ፤ እስከ 1965 ከሠራ በኋላም በ1966 ብሔራዊ የማዕረግ ትምህርት ምክር ቤት ተተካ።

በዚሁ መካከል፣ በ1959፣ ሁለት ታላላቅ የጥናት መጻሕፍት በአሜሪካ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ላይ እንደ መብረቅ ወረዱ። አንደኛውን በፎርድ ፋውንዴሽን ርዳታ ሮበርት ጎርደንና ጄምስ ሃውል፣ ሁለተኛውን በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ርዳታ ፍራንክ ፒርሰን ጻፉት። ተለያይተው ቢሠሩም የደረሱበት ፍርድ ተቀራራቢ ነው። በብዙ የንግድ ሥራ ኮሌጆች ትምህርቱ እጅግ ጠባብና ለዕለት ሙያ ብቻ የሚሆን ነው፤ ተማሪው የቢሮውን አሠራር ይሸመድዳል እንጂ አሠራሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የሰውን ጠባይና ማኅበራዊ ኑሮ የሚመረምሩ ትምህርቶች አንሰውታል፤ የተማሪዎች አቀባበልም ላልቷል አሉ። ከእነዚህ ጸሐፊዎች አንዱ፣ ፒርሰን፣ የስዋርዝሞር ኮሌጅ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ጆሴፍ ዋርተን ከመሠረቱት ከአንዱ ቤት የወጣ መምህር፣ የሌላውን ቤት ዓይነት ትምህርት መርምሮ ጉድለቱን ተናገረ ማለት ነው። ሁለቱ መንገዶች በዚህ ተገናኙ።

ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ የንግድ ሥራ ኮሌጆች የማዕረግ ትምህርት ሥርዓት እየተስፋፋ ሄደ፤ በዋርተን ትምህርት ቤትም በመሥራቹ ስም የሚጠራ የማዕረግ መርሐ ግብር ተቋቋመ። በብዙዎቹ ዘንድ ሥርዓቱ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ይኸውም ለመሠረታዊ ትምህርቶች የተለየ አነስተኛ ክፍል፣ በከፍተኛው ዓመት ሴሚናር፣ በመጨረሻም ተማሪው በአንድ መምህር ጠባቂነት የሚያዘጋጀው የምርምር ጽሑፍ ነው።

ልዩነቱ በምሳሌ ይገለጥ። አንድ የእህል ነጋዴ 10 ኩንታል በ100 ብር ሒሳብ፣ ቀጥሎም 10 ኩንታል በ120 ብር ሒሳብ ገዛ፤ ከዚያ 10 ኩንታል በ150 ብር ሒሳብ ሸጠ እንበል። የተሸጠው አስቀድሞ የገባው ነው ብንል ትርፉ 500 ብር ነው፤ በኋላ የገባው ነው ብንል ደግሞ 300 ብር ይሆናል። ተራው ተማሪ ሁለቱንም ማስላት ይማራል፤ መማሩም ግድ ነው። የማዕረግ ተማሪ ግን ከዚህ ተነሥቶ ይጠይቃል። እህሉ አንድ፣ ገዢው አንድ፣ ገንዘቡም አንድ ሲሆን ትርፍ እንዴት ሁለት ይሆናል? ግብር የሚከፈለው በየትኛው ነው? ዋጋ በሚወደድበት ጊዜ ነጋዴው 500 ብሩን አትርፌአለሁ ብሎ ቢበላው በ100 ብር የገዛውን መልሶ በ100 ብር ማግኘት ይችላልን? እንዲህ ያለው ተማሪ ከሒሳብ መዝገብ ተነሥቶ ወደ ሕግ፣ ወደ ኢኮኖሚክስ፣ ወደ ሥነ ምግባርም ይደርሳል። የማዕረግ ትምህርት ማለት ይህ ነው፤ የመልመጃውን ቁጥር ከ20 ወደ 40 ማሳደግ አይደለም።

ነቀፌታም አልጠፋበትም። ጥቂቶችን ለይቶ ማስተማር የመምህርን ጊዜ ከብዙዎቹ ይወስዳል፤ ቀድሞ ጥሩ ትምህርት ቤት የገባውን የባለጸጋ ልጅ ደግሞ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በስዋርዝሞር እንኳ በ1990ዎቹ የማዕረግ ተማሪዎች ቁጥር ስላነሰ ሥርዓቱን ማሻሻል ግድ ሆኗል። ይህ ነቀፌታ እውነትነት አለው። ነገር ግን መፍትሔው በሩን መዝጋት ሳይሆን ለሚገባው ሁሉ በሩን መክፈትና መግቢያውን በትጋት መመዘን ይመስለኛል።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስንመለስ የሁለቱን ዓለም አሻራ እናገኛለን። የማከሬሬ ኮሌጅ ከ1949 ጀምሮ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር በልዩ ግንኙነት ይሠራ ስለ ነበር፣ ከ1963 እስከ 1970 የቆየው የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲም ከዚያው ወግ ስለ ተነሣ፣ በናይሮቢ የንግድ ሥራ ተመራቂ እንደ እንግሊዝ አገር በአንደኛ፣ በሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ይለያል። በአዲስ አበባ በ1961 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ግን የአሜሪካንን የክሬዲትና የነጥብ አቆጣጠር ተከተለ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ማዕረግ የተጠራቀመ ነጥብ ስም ሆነ፤ ከአሜሪካ ነጥቡ ሲመጣ ሴሚናሩ፣ የውጭው ፈታኝና የምርምሩ ጽሑፍ አብረውት አልተጓዙም።

ነገሩ ግን ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚያልፈው ዓመት ስለ ቆጠረ አይደለም። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው ወደ መወድስ የሚወጣው ሲበቃ ነው፤ ቅኔውን በየኔታና በጓደኞቹ ፊት ያሰማል፤ ይታረማል፤ ይነቀፋል። የበረታውም አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይረዳል። በዚያ ቤት ማዕረግ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ብልጫ ያለውም ለራሱ ብቻ አይበልጥም።

በመጨረሻ የራሴን በደል ልናገር። በልጅነቴ በተማርሁበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መዝገብ መልመጃዬን ቀድሜ ስጨርስ «እጅህን አጣጥፈህ ጓደኞችህን ጠብቅ» እባል ነበር። ያን ቃል እጅግ እጠላው ነበር። በመምህራን ማሠልጠኛ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ግን አንድ ቀን ቀድሞ የጨረሰ ሠልጣኝ ሲመለከተኝ፣ ያንኑ ቃል ከራሴ አፍ ሰማሁት። ልጁ እጁን አጣጠፈ። በዚያ ቀን ምንም አላደረግሁም፤ በማግስቱ ግን ከላይ የጻፍሁትን የእህል ነጋዴውን ሒሳብ ሰጠሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት ገጽ ጽፎ መጣ። በሁለተኛው ገጽ ያነሣውን ጥያቄ መመለስ አልቻልሁምና አብረን መጽሐፍ ፈለግን።

ሴሚናር ለመክፈት ገንዘብና አዳራሽ ያሻ ይሆናል። እጁን አጣጥፎ ለሚጠብቅ ተማሪ እውነተኛ ጥያቄ ለመስጠት ግን ከመምህሩ ትጋት በቀር የሚያስፈልግ የለም። የነገዎቹን መምህራን የምናሠለጥን እኛ ይህን ካላስተማርናቸው፣ በምረቃ ቀን የምንጠመጥምላቸው ጥምጥም ከሥሩ ትምህርት የሌለበት እንዳይሆን እሠጋለሁ።