ካዛንቺስ፦ ቤቶቹ ፈርሰው የቀረ ስም

ካዛንቺስ የሚለው ስም የወጣው ከቢሮ ወረቀት ነው። ፋሽስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ ተቋም ነበረው። የተቋሙ ስም በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ስለነበር ቤቶቹም «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃላት አዋህዶ ካዛንቺስ አላቸው፤ ካሳንቺስ የሚልም አለ። ፖፖላሬ የተባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው በዚያው ዘመን ከተሠሩ የጣሊያን ቤቶች ነው።

ታዲያ ወራሪ ጥሎት የሄደ ስም ምን ያደርግልናል የሚሉ አሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ጣሊያን በከተማዋ የቆየው 5 ዓመት ሲሆን፣ ስሙን ከ80 ዓመት በላይ ሲጠራው የኖረው የሰፈሩ ሰው ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ካዛንቺስ የኮሚሽኑና የአዳራሹ ጎረቤት ሆነ። በጓሮው ደግሞ ጠጅ ቤቱ፣ ትንንሹ ሆቴልና አዝማሪ ቤቱ ነበር። አዝማሪ ቤት የገባ እንግዳ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ የሰጠውን ስንኝ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ይመልስለታል፤ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። ካዛንቺስ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው የሚታወሰው ይህ ነው እንጂ የጣሊያን ጸሐፊ መኖሪያ አይደለም። የስም ባለቤት የሚኖርበት ሰው ነው።

ስም ራሱን ይጠብቃል የሚለው ክርክር ከመጀመሪያው ይከብዳል። እውነትም ባቡር ከቀረ በኋላ ለገሃር ለገሃር ነው። ደርግ አብዮት አደባባይ ያለውን ሕዝቡ መስቀል አደባባይ ብሎ መልሶታል። እነዚህ ስሞች የቆዩት ግን የሚጠራቸው ሰው በየዕለቱ ስለሚያልፍባቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው ዶሮ ማነቂያ ግን የጠባብ መንገዶች ሰፈር ነበር፤ ነዋሪው ሲበተን ስሙን ማን ይጠራዋል? በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ የመፍረስ ተራ ሲደርስ፣ ከፈረሱት መካከል በአዝማሪ ቤትነት የጀመረው የፈንድቃ የባህል ማዕከል ይገኝበታል። ካዛንቺስ የሚለው ስም በታክሲ ረዳት ጥሪ ይተርፍ ይሆናል። የሚጠፉት በውስጡ ያሉት ትንንሽ ስሞች ናቸው፦ የሆቴሉ፣ የጠጅ ቤቱ፣ የመታጠፊያው።

ለፈረሰ የቀበሌ ቤት ማዘን ያሳፍራል የሚል ካለ፣ ጣሪያው ያፈስ እንደነበርና መጸዳጃው የጋራ እንደነበር አልክድም። ማንም ወደዚያ ይመለስ አልልም። ይሁን እንጂ የጣሪያ ማፍሰስ ለመርሳት ምክንያት አይሆንም፤ ስም ለማቆየት ደግሞ ግንቡን ማቆም አያስፈልግም፣ ወጪውም የአንድ ሰሌዳ ነው።

ስለዚህ ከተማዋን የሚያስተዳድሩ ሰዎች በአዲሱ አስፋልት ዳር በየፌርማታውና በየመታጠፊያው የቀድሞውን ስም ይጻፉበት። የካዛንቺስና የዶሮ ማነቂያ ልጆች ደግሞ አትጠብቁ፤ የትኛው ሆቴል ከየትኛው ጠጅ ቤት አጠገብ እንደነበር የሚያስታውሱ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት።