ዜና በጨጨሆ ሲያልፍ

ለመሆኑ አንድ ነገር ዜና የሚሆነው በምኑ ነው? በትልቅነቱ እንዳንል፣ ትልቅ ሆኖ ሳይነገር የቀረ ስንት ነገር አለ። በእውነትነቱ እንዳንልም፣ በየመንደሩ በየቀኑ የሚሆነው ሁሉ እውነት ነው። ጥያቄውን በመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ ከምንፈታው በአንድ አገር ታሪክ ላይ ብንፈትነው ይሻላል ብለን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን መረጥን። ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ገደል በሚወርደው በዚህ አገር ዜና ሲያልፍበት እንጂ ሲያርፍበት ብዙ ጊዜ አልታየምና።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ በጋይንት አድርገው፣ የጨጨሆን ገደል እያስናዱ፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉ ሄዱ፤ መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት እያለቀ ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት ያን ሁሉ ወራት ምን በልቶ ከረመ? ከገበሬው ጎተራ ነዋ! በዚያው ሰሞን የአውሮፓና የአሜሪካ ጋዜጦች ስለ ኢትዮጵያ አብዝተው ይጽፉ ነበር፤ የሚጽፉት ግን መቅደላ ላይ ስለታሰሩት ጥቂት አውሮፓውያን ነው። ከናፒየር ጦር ጋር ከዘመቱት ወሬ አቀባዮች አንዱ፣ የኒውዮርክ ሄራልዱ ሄንሪ ስታንሊ፣ ስዊዝ ላይ ከቴሌግራፍ ሠራተኛው ጋር አስቀድሞ ተመሳጥሮ ስለነበር የመቅደላን መውደቅ ከእንግሊዝ ጦር የራሱ መልእክት ቀድሞ ለንደን አደረሰው። እንግዲህ ለዜናው ያበቃው ነጭ እስረኛ፣ ንጉሥ፣ ጦርነትና ቴሌግራፍ ነው። የጨጨሆ ገበሬ ከአራቱ አንዱም አልነበረውም።

ይህን ነገር ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ዮሃን ጋልቱንግና ማሪ ሩገ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በደንብ መልክ አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጥናት አራት የኖርዌይ ጋዜጦች የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውስ እንዴት እንዳቀረቡ መርምረው፣ ኃያል አገር፣ ታላቅ ሰው፣ ክፉና ድንገተኛ ነገር ቶሎ ዜና ይሆናል አሉ። እኛን ከሁሉ ይበልጥ የያዘን ግን ስለ ጊዜ የተናገሩት ነው። ጋዜጣ በየቀኑ ስለሚወጣ ባንድ ቀን ተጀምሮ ባንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ይስማማዋል። ግድብ ሲሠራ ዜና አይሆንም፤ ሲመረቅ ይሆናል። (የምረቃ ዜና እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ኖርዌይ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።)

ረሃብስ? ረሃብ የሚመረቅበት ቀን የለውም። ዝናቡ ይዘገያል፤ በሬው ይሸጣል፤ ቀጥሎ የቤቱ እንጨት፤ ቀጥሎ ሰውየው ደጁን ዘግቶ ይሰደዳል። ታዲያ ከዚህ ውስጥ ለጋዜጣ የሚሆነው የትኛው ቀን ነው?

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲከፋ አዲስ ዘመን እንደ ልማዱ የፊት ገጹን ለንጉሠ ነገሥቱ ውሎ ይሰጥ ነበር። ዝምታውን መስበር የጀመሩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ እዚያው ግቢ ውስጥ ለሰው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጣጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ባገር ቤት ረሃቡ ትልቅ ዜና የሆነው ለሥልጣን ጉዳይ ሲፈለግ ነው ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም።

ደርግም በተራው ያንኑ ደገመው። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለዓለም ጥሪ ቢያሰማም፣ መስከረም ላይ ጋዜጣውም ራዲዮውም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ያደምቁ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡትን አሳየ፤ ከ400 በላይ ጣቢያዎችም ተቀባበሉት። ለምን ከኮረም? ኮረም ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስላለች ነዋ፤ ርሃብተኛውም ካሜራ ባንድ ዙር በሚያዳርሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቧል። በጋይንት በኩል ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ ያልፋል፤ የስማዳዋ ወገዳም ሆነች የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ግን ከዚያ መንገድ ዳር አይደሉም። በየጎጆው ተበታትኖ የሚራብን ሰው ማን ያነሣዋል?

የላይ ጋይንት የሰሜን ጎረቤት የሆነችው እብናት ግን አንድ ጊዜ በዓለም ወሬ ውስጥ ገብታለች። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ከመጠለያ ጣቢያዋ ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ እንዲለቅ ተደርጎ ጎጆው ተቃጠለ። የውጭ እርዳታ ሠራተኞች እዚያው ስለነበሩ ያዩትን ተናገሩ። መንግሥት ሕዝቡ በውዴታው ወዳገሩ ተመለሰ ቢልም ወሬው ዓለምን ዞረ። እሳት የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ለጋዜጣ ይመቻል። እነዚያን ሰዎች እብናት ድረስ ያመጣቸው የብዙ ወራት ማጣት ግን እንዲህ አልተወራለትም።

በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ገቡበት። ለችግሩም «ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት» የሚል ስም ተሰጠው። እርዳታው መልካም ነው፤ ስሙ ግን ለዜና ሰው መገላገያ ሆነ። ሥር የሰደደ ማለት ዘንድሮም እንደ አምናው ማለት አይደል? አምና የነበረውን ዘንድሮ ማን ያትመዋል!

እኛ ግን ያ የጠፋው ቀን ከገበያ የሚገኝ ይመስለናል። ገበሬው መኖው ሲያልቅበት፣ እህሉም ሲሟጠጥ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከብቱን ያወጣል፤ የበሬ ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። ሁለቱ ዋጋዎች መራራቅ ሲጀምሩ ረሃቡ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ካሜራም አይደርስበትም። ስለዚህ በሰኔ ወደየአገራችሁ የምትበተኑ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች፣ ካርብ ገበያም ይሁን ከወገዳ፣ የአንድ በሬና የአንድ ኩንታል ገብስ ዋጋ ከነቀኑ ጽፋችሁ ብታመጡልን በሚቀጥለው እትም ገጽ እንለቅላችኋለን።