ቀለም ይደረባል እንጂ አይቦካም

ሥዕል ያስተማሩኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲስሉ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። የመጀመሪያ ሥራዬ የመልአክ ፊት ነበር። ቀዩ ሳይደርቅ ቢጫ ደረብኩበት፤ አላምር ሲለኝ ጥቁር ጨመርኩ። ጉንጩ ጭቃ ሆነ። መሪጌታ ብሩሹን ከእጄ ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ቀለም ይደረባል እንጂ አይቦካም። ተወው፣ ይድረቅ» አሉኝ። ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ቆይቶ፣ የጎንደርን ዘመን ሥዕሎች አንድ በአንድ ማየት ስጀምር ነው።

መደረብ የሚጀምረው ከቀለሙ በፊት ነው። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ፍሬ ጽዮን የተባለ ታላቅ ሰዓሊ ነበር፤ ስሙ የተጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። እንዲህ ያለው የገበታ ሥዕል በባዶ እንጨት ላይ አይሳልም። ጀሶ በሙጫ ተለውሶ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ፊቱ እስኪለሰልስ ይታሻል። ነጩ መደብ ብርሃኑን ከሥር ስለሚመልስ፣ በላዩ የሚያርፈው ቀይ ፈክቶ ይታያል። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ ዘለው የሚያልፉት ይህንኑ ነው።

ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በ1591 ሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች በሰዓልያኑ እጅ ገቡ። በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ናቸው። የእኛ ሰዎች የሥዕሎቹን አቀማመጥ ወሰዱ፤ ቀለሙን ግን ከራሳቸው ማምጣት ነበረባቸው። እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ፣ ኅትመቱ በጭረት ብዛት ያሳየውን ጥላ አይተው መተዋቸው ነው። በዚያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ከጀርባ ያለው መደብ አንድ ወጥ ቀለም ነው፤ የልብሱን እጥፋት የሚያሳየው መስመር ብቻ ነው። ድፍረት ይጠይቃል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ፣ እጁ ሌላ ሆነ። እቴጌይቱ ደቅ ደሴት ላይ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። በዚህ ዘመን ሥዕል የጀርባው መደብ ከቢጫ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ፊቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ፈካ ያለ የገላ ቀለም ተነጥፏል። በጉንጩ ዳር፣ በአፍንጫው ጎንና ባንገቱ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ተደርቧል፤ ጉንጩ ሞልቶ የሚወጣው በዚህ ነው። ጥቁሩ መስመር መጨረሻ ይመጣል፤ ዓይንን ይከፍታል፣ ከንፈርን ይለያል።

ሰዓልያኑ ቀለም ሲቀላቅሉም ቁጥብ ነበሩ። አረንጓዴን ከዕፅዋት ከሚገኘው ኢንዲጎና ኦርፒመንት ከሚባለው ቢጫ ማዕድን ያወጡ ነበር። ኦርፒመንት አርሴኒክ ያለበት መርዝ ነው፤ ያንን እየፈጩና እየለወሱ የሠሩትን ሰዎች ሳስብ ልቤ ይነካል።

በ1888 እ.ኤ.አ. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነሥዕላቸው ነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ቆሜ ባየሁ ቁጥር፣ አብሮ ሊጠፋ ይችል የነበረው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ጭምር እንደነበር ይታወሰኛል።

ዛሬ ቀለም በቱቦ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪዬ ለአንድ ቅጠል አምስት ቱቦ ከፈተች። ሦስቱን ከደንኩና ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ተውኩላት። ቢጫው ላይ ሰማያዊውን በብሩሽ ጫፍ ጥቂት ጥቂት እያለች ጨመረች፤ አረንጓዴው ወጣ። ቅጠሉን ቀብታ ወዲያው ጥላውን ልትደርብ እጇን ስታነሣ፣ «ተይው፣ ይድረቅ» አልኳትና ሻይ ልንጠጣ ወጣን።