አባቶቻችን ሚያዝያ 27ን እንዴት ያከብሩት ነበር?

ሚያዝያ 27 ቀን በአገራችን ታሪክ ሁለት ጊዜ ተጽፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1928 ዓ.ም. በዚህ ቀን የማርሻል ባዶልዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ከለቀቁ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። በ1933 ዓ.ም. በዚሁ ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንጦጦ በኩል ተመልሰው ገቡ። በመካከሉ ያለው ልክ አምስት ዓመት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልተረፈም፥ አልጎደለም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ እንዳይመስለን፤ ቀኑ ታስቦበት የተመረጠ ነው።

እኛ ተማሪዎች ለዚህ የበዓል መጽሔታችን ከዐድዋ ይልቅ ይህን ቀን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የዐድዋን በዓል የሚያከብር ሰው የአያቱን የቅድመ አያቱን ጀግንነት ያወሳል። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ ዓመታት በአራት ኪሎ ይሰለፍ የነበረው አርበኛ ግን የሚያወሳው የገዛ ራሱን ሥራ ነው። ቁስሉ ገና በገላው ላይ ይታይ ነበር። የበዓሉ ጠባይ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ቀን 27 በየወሩ መድኃኔ ዓለም ስለሆነ ክርስቲያኑ አርበኛ ጧት ቅዳሴ አስቀድሶ ይወጣል፤ ከዚያም ክርስቲያኑም እስላሙም በአደባባዩ ይገናኛሉ። በቀኑ ስም በተሠራው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ መድፍ ይተኮሳል፤ ወታደሩ በሰልፍ ያልፋል፤ ተማሪዎችም ይዘምራሉ። ይህ እንግዲህ የመንግሥት ሥርዓት ነው፤ በሌላም አገር ያለ ነው። የእኛ ልዩ የሚሆነው የአርበኞቹ ተራ ሲደርስ ነው።

አርበኛው የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፥ ለምድ ደርቦ፥ ሜዳሊያውን በደረቱ ላይ ደርድሮ ይመጣል። አንዱ ጋሻና ጦር ይዟል፤ አንዱ ጎራዴ ታጥቋል። በዱር ሳሉ ጠጉራቸውን ያጎፈሩ፥ ከነጻነትም በኋላ ያንኑ ጎፈሬ ይዘው የሚታዩ ነበሩ። ሽለላው ሲጀመር አንዱ ከሰልፉ መካከል ዘሎ ይወጣና «ዘራፍ!» ይላል። ወደ ፊት ይንደረደራል፤ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ የአባቱን ስም፥ የአለቃውን ስም፥ የዋለበትን ሜዳ እየጠራ ያደረገውን ይናገራል። ሴቶች እልል ይላሉ። እሱ ሲመለስ ሌላው ይቀበለዋል።

ፉከራ ለማያውቀው ሰው ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ፎካሪው የሚናገረው አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ነው፤ ያልዋለበትን ዋልሁ ቢል ጓደኞቹ ይሰሙታል፥ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። ስለዚህ እኛ ፉከራን የምናየው በምስክር ፊት እንደሚሰጥ ቃል አድርገን ነው። ብዙው አርበኛ ሥራውን በወረቀት ላይ አላሰፈረም፤ መዝገቡ ይኸው አደባባይ ነበር።

በዚህ መዝገብ ያልገቡም አሉ። በከተማ ተቀምጠው ወሬና ጥይት ወደ ዱር ያሳልፉ የነበሩት የውስጥ አርበኞች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች፥ ጎፈር አልነበራቸውም። ጥይት በእህል ስልቻ ደብቄ አሳለፍሁ ብሎ ማን ይፎክራል? ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው ቀርቷል፤ የሌሎቹ ብዙዎች ግን ከቤተ ሰብ አልፎ አልተሰማም። ከዚህ የሚከብድም ነገር አለ። በጎጃም ጠላትን መግቢያ መውጫ ያሳጡት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ፤ የቀጣቸውም በየዓመቱ የነጻነቱን በዓል የሚያከብረው መንግሥት ራሱ ነበር። ለባንዳ ሹመት ሲሰጥ አየን ብለው ያዘኑ አርበኞችም ጥቂት አልነበሩም። በዓሉን የደስታ ብቻ አድርገን ብንጽፈው እነዚህን ሰዎች መበደል ይሆንብናል።

ከአደባባይ በኋላ ቤት ነው። ሚያዝያ 27 ከጥቂት ዓመታት በቀር ከፋሲካ በኋላ በሃምሳው ቀን ውስጥ ይውላል፤ ያን ጊዜ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ አቅም ያለው አርበኛ የትግል ጓደኞቹን ጠርቶ ሥጋና ጠላ አቅርቦ፥ ማሲንቆ የሚመታም ከተገኘ እያስገጠመ ማምሸት ይችል ነበር። ይህን ማንሣታችን ያለ ነገር አይደለም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ የድሉ በዓል ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ፤ መጋቢት 28 ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በዓቢይ ጾም ይውላል። ጿሚ በሆነ አርበኛ ቤት በዚያ ቀን ዶሮ አይታረድም።

ሆኖም የመጋቢት 28 ምክንያት ባዶ አልነበረም። በጄኔራል ከኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ከጠላት የተረከበው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገብተው ነበር፤ ነገር ግን በከተማው ለሚገኙት ኢጣልያኖች እንሰጋለን በማለት እንግሊዞች ጉዟቸውን አዘገዩት፤ አንድ ወር ያህል አለፈ። እንግዲህ ከተማው ነጻ የወጣበት ቀን ሌላ፥ ንጉሡ የገቡበት ቀን ሌላ ነው። የጎንደር ሰው ግን ሁለቱንም ቀን ሊከራከርባቸው ይችላል፤ ጎንደር ከጠላት የተለቀቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነውና።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። እኛም ከሁለቱ ይህኛውን እንመርጣለን። ስለ ንጉሡ መግባት ብለን ብቻ አይደለም፤ ሚያዝያ 27 የ1928ቱንም ቀን አብሮ ስለሚያስታውሰን ነው። መጋቢት 28 ድሉን ብቻ ይናገራል።

ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ 80 ዓመት አልፏል። በአራት ኪሎ ጎፈር ደፍተው ከሚታዩት ብዙዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ በደረታቸው ላይ ያለው ሜዳሊያ የአባታቸው ወይም የአያታቸው ነው። ይፎክራሉ፤ ግን ዋልሁ ሳይሆን ዋለ ማለት አለባቸው፤ አብሮ የዋለ ምስክርም ከጎናቸው ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአርበኛ ሜዳሊያ ወይም ፎቶግራፍ ካለ፥ የባለቤቱን ስም፥ የአለቃውን ስምና የዋለበትን ስፍራ ጽፋችሁ በልጃችሁ እጅ ላኩልን፤ ጎፈር ያልነበራቸውንም የውስጥ አርበኞች አትርሱ። የተላከውን በስም ተራ አድርገን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እናስቀምጣለን።