ጎብኚና ጎረቤት

«ደንብ የማያከብር ከሆነ ለምን አይባረርም?» ይህን ጥያቄ በኮንዶሚንየም ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። እኩለ ሌሊት ላይ ሞንታርቦ የሚያስጮኸው፣ በጋራው ደረጃ ላይ በግ የሚያርደው፣ የቆሻሻ ፌስታሉን ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል የሚወረውረው፣ መኪናውን በሰው መውጫ ላይ አቁሞ ስልኩን የሚዘጋው ጎረቤት ስሙ በተጠራ ቁጥር ይህም ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ከምሬት የመነጨ ነውና በጠያቂው አልፈርድም። ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ አንድ ያልተመረመረ እሳቤ አለ፤ ይኸውም ሰው አብሮት የሚኖረውን ሰው እንደ ጎብኚ ቆጥሮ በሩን ሊያሳየው ይችላል የሚለው ነው።

ጎብኚና ጎረቤት ግን ለየቅል ናቸው። ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ ካጠፋ ይወጣል። ጎረቤት ትኬት የለውም፤ ቢያጠፋም ባያጠፋም ነገ ጠዋት እዚያው ደረጃ ላይ እንገናኛለን። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት በታሪክ መነጽር ለማየት እሞክራለሁ። ምሳሌዎቼን የምወስደውም ብዙ ሰው ከቁም ነገር ከማይቆጥረው ቦታ፣ ከመዝናኛ ፓርኮች ታሪክ ነው። የፓርክ ባለቤቶች ላለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ ሲያብሰለስሉት የኖሩት ጥያቄ፣ የማይተዋወቁ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ጠብ እንዴት ማዋል ይቻላል የሚል ነውና። የመንግሥታትም ጥያቄ ከዚህ ብዙ አይርቅም። (ዓመታቱ በሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥር የነቀሉት ጎረምሶች

በለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ቮክስሆል የሚባል የመዝናኛ የአትክልት ስፍራ ነበር። ቦታው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ጆናታን ታየርስ የተባለ ሰው በ1730ዎቹ ይዞ በሙዚቃ፣ በሥዕልና በፋኖስ አስጌጠው፤ መግቢያውንም አንድ ሽልንግ አደረገ። ሽልንጉን የከፈለ ሁሉ፣ መስፍንም ይሁን ባለሱቅ፣ በአንድ መንገድ ላይ ይንሸራሸር ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከግቢው በአንደኛው ወገን የፋኖስ ብርሃን የማይደርስባቸው፣ «ጨለማዎቹ መንገዶች» የሚባሉ ነበሩ። ፍቅረኞች ይመርጧቸዋል፤ ሴቶችን የሚተናኮሉ ስድ አደጎችም እንዲሁ። በ1763 ፈቃድ ሰጪዎቹ ዳኞች እነዚህ መንገዶች እንዲዘጉና ጸጥታ የሚያስከብሩ በቂ ዘበኞች እንዲቆሙ ባለቤቶቹን አስገደዱ። መንገዶቹም ታጠሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1764 የመክፈቻ ምሽት፣ ኀምሳ ወይም ከዚያ የሚበልጡ ጎረምሶች ተሰብስበው አጥሩን ነቅለው መንገዱን መልሰው ከፈቱት።

እነዚህ ጎረምሶች ሰርገው የገቡ ወንበዴዎች አልነበሩም፤ የገቡት ከፍለው ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የማነበው የጎብኚን ሥነ ልቡና ነው። «ከፍያለሁ፤ ስለዚህ ይገባኛል» ይላል ጎብኚ። ሌላው ሰው በእርሱ ዘንድ የደስታው ማድመቂያ ወይም የደስታው እንቅፋት እንጂ ነገ የሚያገኘው ሰው አይደለም። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር የሚሠራው ሰው ሲተዋወቅ ነው። ማንም በማያውቅህ ግቢ ውስጥ ማን ምን ይልሃል?

ከፓርኩ ማዶ ያሉት

በዚያችው ለንደን፣ በቼልሲ፣ ክሪሞርን የሚባል ሌላ የመዝናኛ ስፍራ በ1840ዎቹ ተከፈተ። ርችት፣ ባሉን፣ ጭፈራና መጠጥ ነበረበት። ከጊዜ በኋላ አካባቢው በመኖሪያ ቤቶች እየተሞላ ሲመጣ ግን ጉዳዩ የጎብኚዎች ብቻ መሆኑ ቀረ። ሌሊት የሚወጣው ሰካራም የሚያልፈው በሰው መስኮት ሥር ነበርና። ነዋሪዎቹ በሩን ሰብረው ገብተው አልዘጉትም፤ የአካባቢው ምክር ቤትና ነዋሪው የፈቃድ እድሳት በቀረበ ጊዜ እየተገኙ ተቃውሟቸውን አሰሙ።

በ1877 አንድ የአካባቢው ሰባኪ ክሪሞርንን የኀጢአት ጉድጓድ የሚያደርግ ስላቅ አሳትሞ በተነ። ባለቤቱ ጆን ባውም በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ ረታም። ዳኞቹ የፈረዱለት ካሳ ግን አንድ ፋርዚንግ፣ ማለትም የአንድ ፔኒ ሩብ ነበር። ሕጉ ከአንተ ጋር ነው፣ ስምህ ግን ከዚህ በላይ አያወጣም እንደ ማለት ነው። ባውም በዚያው ዓመት የፈቃድ ጥያቄውን ተወ፤ ክሪሞርን ተዘጋ፤ መሬቱም ቤት ተሠራበት።

ይህ ድል ሰላሳ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ነገር ግን የተገኘበት መንገድ ልብ ይባልልኝ። ባለፓርኩና ጎረቤቶቹ የሚገናኙበት፣ አንዱ የሚከስበት ሌላው የሚመልስበት አደባባይ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያሸንፈው በዚህ ዓይነት አደባባይ ላይ ነው፤ ሰዓት ይፈጃል፤ ያሰለቻል፤ ግን ይሠራል።

የዲዝኒ ሥርዐት

አሁን አትላንቲክን ተሻግረን ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ። ዋልት ዲዝኒ በአናሃይም ከተማ የብርቱካን እርሻ በነበረ መሬት ላይ ዲዝኒላንድን ሐምሌ 17 ቀን 1955 ከፈተ። ፓርኩን የውጭው ዓለም እንዳይታይበት ዙሪያውን በአፈር ቁልል ከለለው። ደንብ አፍራሾች ግን በመጀመሪያው ቀን ደረሱ። የመክፈቻው ጥሪ ካርድ በሐሰት ተባዝቶ፣ ከተጠራው ብዙ የሚበልጥ፣ 28 ሺሕ ያህል ሰው ገባ። በአጥሩ ላይ መሰላል አቁሞ ሰውን እያስከፈለ ያሾለከም እንደነበረ ይነገራል።

ነሐሴ 6 ቀን 1970 ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ከሚቃወሙት ወገን የሆኑ፣ ዪፒ የሚባሉ ወጣቶች ሦስት መቶ ያህል ሆነው ገቡ፤ የቶም ሶየርን ደሴት ያዙ፤ ባንዲራ ሰቀሉ። ፖሊስ ተጠራ፤ ፓርኩም ከሰዓቱ በፊት ተዘግቶ ሥርዐት አክብረው የመጡት ቤተሰቦች ጭምር እንዲወጡ ተደረገ። የጥቂቶች ጥፋት የሁሉ ቅጣት ሆነ ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ክሊፎርድ ሺሪንግና ፊሊፕ ስቴኒንግ የተባሉ ሁለት የወንጀል ጥናት ምሁራን በፍሎሪዳው ዲዝኒ ወርልድ ሥርዐት የሚጠበቅበትን መንገድ ጻፉ። በዚያ ዱላ የያዘ ሰው አይታይም። አበባው፣ ፏፏቴው፣ መደገፊያው ሁሉ ጌጥ መስሎ ሰውን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ይነዳል፤ ሠራተኛው ሁሉ ፈገግ እያለ ዘበኛ ነው። ከጸሐፊዎቹ የአንዱ ልጅ እግሯ ውኃ ቋጥሮ ጫማዋን ብታወልቅ፣ ለደኅንነትሽ ሲባል ጫማ ማድረግ አለብሽ ተባለች፤ ካላደረገች ከግቢው እንደምትሸኝ ተነገራት። አደረገች። የዲዝኒ ኀይል ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አይመታህም፤ ነገር ግን ከደስታው ሊያስወጣህ ይችላል።

እንዲህ ያለው ረቂቅ ሥርዐት እንኳ ብልጣብልጦችን አላመለጠም። ፓርኩ ወረፋ መቆም ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ካርድ ነበር። በ2013 የኒው ዮርክ ጋዜጣ አንዳንድ ሀብታሞች ወረፋ ለመዝለል አካል ጉዳተኛ አስጎብኚ እየተከራዩ እንደሚገቡ ጻፈ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ካርዱን አስቀርቶ፣ ለእንግዳው የመመለሻ ሰዓት በሚሰጥ አሠራር ተካው። በተከታዩ ዓመት ኩባንያውን ፍርድ ቤት ያቆሙት ወረፋ ዘላዮቹ አልነበሩም፤ አዲሱ አሠራር ለልጆቻችን አይሆንም ያሉ የኦቲስቲክ ልጆች ወላጆች ነበሩ። ደንብ የሚያፈርስ ሰው የሚሰርቀው ተራ ብቻ አይደለም፤ ደካማው የሚጠለልበትን እምነት ጭምር ነው።

ጎረቤት የሌለው ከተማ

ዋልት ዲዝኒ በጎብኚዎቹ ላይ ሥርዐት ቢያሰፍንም ጎረቤቶቹን ማዘዝ አልቻለም። በአናሃይም የገዛው መሬት 160 ኤከር ገደማ ብቻ በመሆኑ ዙሪያውን ሞቴሎችና የመብራት ማስታወቂያዎች ወረሩት። ይህ እጅግ አበሳጨው። በፍሎሪዳ ሁለተኛውን ሲያስብ መፍትሔው ጎረቤት ጨርሶ እንዳይኖረው ማድረግ ሆነ። በሌሎች ኩባንያዎች ስም በምስጢር 27 ሺሕ ኤከር ያህል፣ ማለትም ወደ 110 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ተገዛ፤ ምስጢሩን በጥቅምት 1965 የኦርላንዶ ጋዜጣ አወጣው። ዲዝኒ ሊሠራ ባሰበው የወደፊቱ ከተማም ነዋሪው ተከራይ እንጂ ባለርስት አይሆንም፤ ባለርስት ከሌለም ድምፅ ሰጥቶ የሚያስቸግር አይኖርም። ዋልት በታኅሣሥ 1966 ሞተ፤ ከተማውም በታሰበው መልክ አልተሠራም። የፍሎሪዳ ምክር ቤት ግን በ1967 ሪዲ ክሪክ የሚባል ልዩ አስተዳደር አቋቋመለት። ኩባንያው መንገዱን፣ የእሳት አደጋ መከላከያውን፣ የሕንፃ ፈቃዱን የሚያስተዳድረው አካል ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሥርዐት 56 ዓመት ኖረ። በ2022 ኩባንያው በትምህርት ቤቶች ጉዳይ ላይ የወጣ ሕግ ተቃውሞ ከአገረ ገዢው ከሮን ዴሳንቲስ ጋር ተጋጨ። በ2023 የወጣ ሕግ የአስተዳደሩን ቦርድ የሚሾመው አገረ ገዢው እንዲሆን አደረገ፤ ስሙም ተለወጠ፤ ሁለቱ ወገኖች ተካስሰው በ2024 ታረቁ። በክርክሩ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለአንባቢ እተወዋለሁ። ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ግማሽ ምዕት ዓመት ያለ ጎረቤት የኖረው ኩባንያ በመጨረሻ ጎረቤት መጣበት፤ የመጣውም መንግሥት ሆኖ ነው። ከጎረቤት ሸሽቶ የሚደረስበት አገር የለም።

ማባረር ካልተቻለስ?

እንግዲህ ወደ ራሳችን ደረጃ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል። የልኩ መመዘኛ የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ መሆኑንም ይገልጻል። ሕጉ ጎረቤት ድምፅ አያሰማ አላለም፤ ከልክ አይለፍ አለ። ልኩን ደግሞ የሚያውቁት አብረው የሚኖሩት ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ያደረገውም ለዚሁ ይመስለኛል።

አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የጋራ ግጦሽና የመስኖ ውኃ ለዘመናት ሳይጠፋ የቆየባቸውን ማኅበረሰቦች መርምራለች። ለዚህ ሥራዋም በ2009 የምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷታል። እነዚህ ማኅበረሰቦች ያላቸው ጠባይ የሚመሳሰል ነው። ደንቡን የሚያወጡት የሚገዙበት ሰዎች ናቸው፤ ጠባቂዎቹም ራሳቸው ናቸው፤ ቅጣቱ ከትንሽ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል፤ ጠብ የሚበርድበት ቅርብና ርካሽ ሸንጎ አለ። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ዕድር ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። በዕድር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ጥቂት ብር ነው፤ ደጋግሞ የቀረ ይጠየቃል፤ መሰረዝ የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ሰብሳቢውም ቢቀር ይቀጣል።

ታዲያ ዕድር ያለው ሕዝብ በኮንዶሚንየም ደረጃ ላይ ለምን ተቸገረ? አንዱ ምክንያት ይሉኝታችን የተገለበጠ መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሉኝታ ሊይዘው የሚገባው ሞንታርቦ የሚያስጮኸውን ነበር፤ የያዘው ግን እንቅልፍ ያጣውን ነው። ተበዳዩ «ነገረኛ እባላለሁ» ብሎ አንድ ዓመት ዝም ይላል፤ ከዚያ በአንድ ቀን ፈንድቶ «ይባረር!» ይላል። በዝምታና በማባረር መካከል ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ ዘልሏቸዋል። በጊዜ የተነገረ ቃል፣ በሦስተኛ ሰው ፊት የቀረበ አቤቱታ፣ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ማስጠንቀቂያ፣ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ዘመድም የማይቀር መቀጮ፤ እነዚህ ናቸው የጎረቤት መሣሪያዎች። አሰልቺ ናቸው፤ ግን ሌላ የለንም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ ሞንታርቦ ብቻ አይደለም። በፖለቲካችን ውስጥ «ካልተመቸው ይውጣ» የሚለው ቃል ምላስ ላይ ቀሎ ሲነገር እሰማለሁ። አንዱ ሌላውን የመጣህበት ሂድ ይለዋል፤ ሥልጣን ላይ ያለውም ተቺውን ደንብ እንዳፈረሰ ጎብኚ በሩን ሊያሳየው ይቃጣዋል። እንዲህ የሚናገር ሰው አገርን እንደ መዝናኛ ፓርክ አስቧታል፤ ራሱንም እንደ ትኬት ቆራጭ። ነገር ግን አገር ትኬት አይቆረጥባትም። በዚህች ምድር ላይ ከእኛ ጋር ያሉት ሁሉ፣ ደጋጎቹም አስቸጋሪዎቹም፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት አበው የጎረቤትን ክፋት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ምናልባት ከማናችንም ይልቅ ያውቁት ነበር። የማይባረረውን ሰው በሕግና በሸንጎ መያዝ ያልቻለ ሕዝብ የሚቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ጆሮውን ይዞ ማደር፣ ወይ ቤቱን በጎረቤቱ ላይ ማቃጠል። ቤቱ ደግሞ ግድግዳው የጋራ ነው።