መርፌውን የወጋው ማን ነው? የክሊኒክ ረዳት ባለሙያዎች አገልግሎትና ክፍያው በሕግ ዓይን

ፉሪን በመሰሉ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ወደ ግል ክሊኒክ ጎራ ያለ ሰው ከሐኪሙ ጋር የሚቆየው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የደም ግፊቱን የሚለካው፣ ደም የሚቀዳው፣ መርፌ የሚወጋውና ቁስሉን የሚያጥበው ሌላ ባለሙያ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን የጀመረው ሐኪም ለሁሉም ስለማይዳረስ ነበር። ጥያቄው፣ ክሊኒኩ ለረዳቶቹ ሥራ በምን ስም ያስከፍላል የሚለው ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕክምና ውልን ከቁጥር 2639 ጀምሮ ይደነግጋል። በቁጥር 2651 መሠረት የሕክምና ተቋም፣ የቀጠራቸው ሐኪሞችም ሆኑ ረዳት ሠራተኞች በጥፋታቸው በበሽተኛው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው። እንግዲህ ክሊኒኩ የነርሷን ሥራ ዋጋ ሲቀበል ኃላፊነቱንም አብሮ ተቀብሏል ማለት ነው። “ጥፋቱ የእሷ ነው፣ እሷን ጠይቁ” ብሎ በሽተኛን ማሰናበት አያዋጣም።

በሌላ በኩል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ አዟል። ችግሩ ደረሰኙ “ሕክምና” በሚል አንድ ቃል ሲዘጋ ነው። መቀመጫ ላይ የተወጋ መርፌ ነርቭ ነክቶ እግር ቢሰንፍ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን መድኃኒት እንደወጋ የማስረዳቱ ሸክም በተጎጂው ላይ ይወድቃል። ክሱ ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ ከተመሠረተ ደግሞ በቁጥር 2143 መሠረት ያለው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ከፍተኛ ሥልጠና ያላት ነርስ በራሷ ስም ሒሳብ ስታቀርብ ከሐኪም ዋጋ 85 በመቶውን ይከፍላል። ያው ሥራ ሐኪሙ በጀመረው ሕክምናና በእሱ ቁጥጥር ሥር ተሠርቶ በስሙ ከቀረበ ግን 100 በመቶ ይከፈላል። የምክር ቤቱ አማካሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ አሠራር ለነርሶቹና ለሐኪም ረዳቶቹ እንዲቀር መክሯል። አንዱ ምክንያቱ በሽተኛውን በእርግጥ ማን እንዳከመው ከሒሳቡ ማወቅ አለመቻሉ ነው።

እኛም ዘንድ መፍትሔው ውድ አይደለም። የሐኪም ምርመራ፣ የላቦራቶሪ፣ የመርፌና የቁስል እጥበት ዋጋ ለየብቻው ይጻፍ፤ የሠሪው ስምና ፊርማ በካርዱ ላይ ይስፈር፤ ሐኪም ያላየው በሽተኛ የሐኪም ምርመራ አይክፈል። በሽተኛውም ከገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ሳይርቅ ዝርዝር ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ይህች ወረቀት ነገ ማስረጃው ናትና።