የመስተዋት ኩሬና የቀስተ ደመና ዓሣ

የሰው ልጅ ከፍጥረት መካከል ያማረውን ባየ ጊዜ ወደ ቤቱ አምጥቶ ዘወትር ሊያየው ይመኛል። ወፍን በቀፎ፥ አበባን በማሠሮ ማኖር ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። ዓሣን ከነሕይወቱ በቤት ለማኖር ግን ምን ያህል ዕውቀት እንደሚያስፈልግ ሰው የተረዳው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። ስለዚህ በፈረንጆች አጠራር «አኳርየም» የሚባለው የመስተዋት ኩሬ እንዴት እንደ ተገኘ፥ በኋላም ምን መልካምና ምን ክፉ ነገር እንዳስከተለ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለመግለጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የራሳችንን ስሕተት እናስቀድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክብ የብርጭቆ ዕቃ ገዝተን ንጹሕ ውሃ ሞላንበትና አራት ትንንሽ ዓሦች ጨመርንበት። በመጀመሪያው ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ አደነቀ። በማግሥቱ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ውሃው ፊት እያወጡ ሲያለከልኩ አየን፤ በአራተኛው ቀን ጧት ሁሉም ሞተው ተንሳፈው አገኘናቸው። ዕቃውም ውሃውም ንጹሕ ነበረ፤ የጐደለው የእኛ ዕውቀት ነበር። ምክንያቱን መመርመር ስንጀምር ይኸው ችግር ከእኛ በፊት ብዙ ሊቃውንትን ያደከመ መሆኑን ተረዳን።

ቻይናውያን ወርቃማውን ዓሣ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ እያረቡ በሸክላ ገንዳ ያኖሩት ነበር፤ ነገር ግን ሸክላው ብርሃን ስለማያሳልፍ ዓሣው የሚታየው ከላይ ብቻ ነበር። በ1832 ዓ.ም. ዣን ቪልፕሮ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት በመሢና ከተማ ሆና የባሕር ፍጥረትን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እያኖረች መረመረች፤ በዚህም አርጎኖት የተባለው ፍጥረት ዛጎሉን ራሱ እንደሚሠራ አስረዳች።

የዓሣው መታፈን ምስጢር ግን የተገለጠው በሌላ በኩል ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1771 ዓ.ም. የሻማ ነበልባል ያበላሸውን አየር የናና ተክል መልሶ እንደሚያድሰው አየ። የሆላንዱ ሐኪም ያን ኢንገንሁስ ደግሞ በ1779 ዓ.ም. ይህን የሚሠራው የተክሉ አረንጓዴ ክፍል እንደ ሆነ፥ የሚሠራውም ብርሃን ሲያገኝ ብቻ እንደ ሆነ አረጋገጠ። እንግዲህ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ተክል ይሰጠዋል፤ ዓሣው ተንፍሶ የሚያወጣውን አየር ደግሞ ተክሉ ይመገበዋል።

ይህን ዕውቀት በሥራ ላይ ያዋለው ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የሎንዶን ኬሚስት ነው። በ1849 ዓ.ም. አምሳ ሊትር ያህል በሚይዝ ዕቃ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ አድርጎ፥ ቅጠሉ እንደ ሪባን የረዘመውን ቫሊስኔርያ የተባለ የውሃ ተክል ተከለና ሁለት ወርቃማ ዓሦች ጨመረ። ጥቂት ጊዜ ሁሉም ደኅና ሆነ፤ በኋላ ግን የረገፈው ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን አደፈረሰው። ዋሪንግተንም በኩሬ ውስጥ የበሰበሰውን የሚያጸዳው ማን እንደ ሆነ አስቦ የውሃ ቀንድ አውጣዎች አመጣ። እነርሱም ብስባሹን በሉ፤ እንቁላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ውሃው ጠራ፤ ሦስቱም አንዱ ሌላውን እየረዳ ኖሩ። ዋሪንግተን ይህን በ1850 ዓ.ም. ለሎንዶን የኬሚስቶች ማኅበር አስታወቀ።

ሌላም የማይታይ ሠራተኛ እንዳለ የታወቀው ወደ ኋላ ነው። በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዓሣ የሚወጣውን አሞንያ የተባለ መርዝ ወደ ሌላ ነገር ይለውጡታል። እነዚህም እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ያስፈልጋሉ፤ የእኛ አራት ዓሦች ያለቁት በዚህም ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ተስፋፋ። በእንግሊዝ አገር የመስተዋት ቀረጥ በ1845 ዓ.ም. ስለ ተሻረ መስተዋት ረክሶ ነበር። በ1853 ዓ.ም. በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1854 ዓ.ም. ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳርየም» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ማሰሮና መረብ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ውጤቱ ግን የሚያሳዝን ሆነ፤ ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አባቱ ያደነቃቸው የባሕር ዳር ኩሬዎች በሰብሳቢዎች እጅ እንደ ተራቈቱ በኀዘን መስክሯል።

የቀስተ ደመና ዓሣም ታሪክ ከዚህ አይለይም። የዚህ ዓሣ ወገኖች የሚኖሩት በአውስትራልያ፥ በኒው ጊኒና በአካባቢው ባሉ ደሴቶች ነው። ከእነርሱ አንዱን ማሪኑስ ቡሰማን የተባለ የሆላንድ ሊቅ በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በምዕራብ ኒው ጊኒ ከሚገኙት ከአያማሩ ሐይቆች ሰበሰበው፤ በ1980 ዓ.ም. ዓሣው በእርሱ ስም ተሰየመ። የሞተ ዓሣ በመድኀኒት ሲቀመጥ ቀለሙ ስለሚጠፋ ውበቱ ለዓለም የታወቀው በ1982 ዓ.ም. ሃይኮ ብሌሄር የተባለ ጀርመናዊ ከነሕይወቱ ወደ ኤውሮጳ ሲያመጣው ነው፤ ወንዱ ከፊቱ ሰማያዊ፥ ከኋላው ብርቱካናማ ነው። ወዲያው ገበያው ደራ። በ1989 ዓ.ም. በየወሩ ወደ 60,000 የሚጠጉ ወንዶቹ ብቻ ተመርጠው ወደ ጃካርታ ነጋዴዎች ይላኩ እንደ ነበር ተመዝግቧል። ወንዶቹ ከተለቀሙ የሐይቁ ዘር በምን ይተካል? ዛሬ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው በርባታ የተገኘ ቢሆንም፥ ዓሣው በትውልድ ሐይቁ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተቈጥሯል።

እንግዲህ ይህን ዓሣ በቤቱ ሊያኖር የሚወድ ሰው ሦስት ነገር ያስብ። ዓሣው በመንጋ የሚኖርና ፈጥኖ የሚዋኝ ስለ ሆነ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ ገንዳ ያዘጋጅ፤ ስድስትና ከዚያም በላይ አድርጎ ያኑረው። ትውልዱ ከኖራ ድንጋይ አገር ስለ ሆነ ጠንካራ ውሃ ይስማማዋል፤ ዋሪንግተን የመረጠው ቫሊስኔርያም በዚሁ ውሃ ይለመልማል። ደግሞ ከሌላ የቀስተ ደመና ወገን ጋር አይደባልቀው፤ ዘሩ ይቀላቀላልና። ግልገሉ ሲገዛ ግራጫ ነው፤ ቀለሙ የሚደምቀው እያደገ ሲሄድ ስለ ሆነ ትዕግሥት ያሻል።

እኛም ሁለተኛውን ገንዳ ስናዘጋጅ አስቀድመን ተክሉን ተከልን፤ ዓሣውን ያስገባነው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ከየት እንደ መጣም ሻጩን ጠየቅን። ዋሪንግተን ከቀንድ አውጣው የተማረው ትምህርት ለገንዳው ብቻ አይደለም፤ ለሐይቁም ነው። ከአንድ ውሃ ወስዶ ምንም የማይመልስ ሰው፥ መስተዋቱን ቢያሳምር እንኳ፥ ኩሬውን ያደርቃል።